ሳንለካ ገዝተን «ለካ!» እንዳንል

 

የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን የመጣው ከአንዲት አንባቢያችን ጥያቄ ነው። አንባቢያችን ተወልዳ ያደገችው ሆግቭሊት ነው። ወላጆቿ ግን በቅርቡ ከኦውደ ማስ ወንዝ ማዶ፣ ሁክሸ ዋርድ ውስጥ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ገዝተዋል። እንዲህ ስትል ጠይቃናለች፦

«አባቴ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ሊገዛ ነው። የፈለገው ትልቁን ነው። እናቴን ገንዘቡ ያሳስባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት የልጅ ልጆቿም ያሳስቧታል፤ በግቢው ዳር የውሃ ቦይ አለ። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ ስለዚህ በእግሩ እየሄደ የሚገፋው ማሽን አይሆነውም። እኔ ምን ልበል? በአማርኛስ እንዴት ልበለው?»

ጥያቄው ሁለት ነው። አንዱ ስለ ማሽን ነው፣ ሌላው ስለ ቋንቋ። ሁለቱንም አብረን እንመልሳለን።

ሁለቱ «ለካ»

በአማርኛ «ለካ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው «መለካት» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፦ «ግቢውን በሜትር ለካ።» ሁለተኛው ደግሞ ሳናውቅ የቆየነውን ነገር ድንገት ስናውቅ የምንለው ነው፦ «ለካ በሩ ጠባብ ነው!» «ለካ እስከ ዛሬ ተሳስቼ ኖሯል!»

ማሽን ስንገዛ ሁለቱ ቃላት ይገናኛሉ። የመጀመሪያውን «ለካ» ያስቀደመ ሰው፣ ሁለተኛውን «ለካ» በቁጭት አይለውም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ሜትር ይዘን ወደ ግቢ እንውጣ። የምንለካው አራት ነገር ነው፦ የሣሩን ስፋት፣ የበሩን ስፋት፣ የመሬቱን ዝቅታና ከፍታ፣ ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ።

በሆግቭሊት ግቢ

መጀመሪያ አብዛኞቻችሁ ስለምትኖሩበት ቤት እንነጋገር። ሆግቭሊት እ.ኤ.አ. በ1934 ከሮተርዳም ጋር የተቀላቀለ ጥንታዊ መንደር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለወደቡና ለነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ብዙ ቤት ተሠራበት። ስለዚህ በብዛት የምናየው ፎቅ ቤትና በረድፍ የተያያዘ ቤት ነው። የረድፍ ቤት ጓሮ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ወይም ከስድስት ሜትር ብዙም አይሰፋም። ከጀርባው ያለው መተላለፊያም ጠባብ ነው።

የሚነዳ የሣር ማጨጃ የኋላ ከረጢቱ ሲገጠምለት ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ባለ ጓሮ ውስጥ ገብቶ መዞር አይችልም። ለ40 ወይም ለ50 ካሬ ሜትር ሣር በእጅ የሚገፋ፣ ሞተር የሌለው፣ ስለቱ የሚሽከረከር ማሽን ይበቃል። ቤንዚን አይጠጣም፣ አይጮኽም፣ ጎረቤት አይረብሽም። መግፋቱ ከከበደ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማሽን መግዛት ይቻላል።

ብዙ ጓሮ ደግሞ ሣር የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ተነጥፎበታል። ድንጋይ አይታጨድም፣ ግን ዝናብ አያሰርግም፤ በበጋም ይግላል። ለዚህ ነው በሆላንድ የጓሮ ድንጋይ የመንቀል ውድድር የተጀመረው። በደችኛ «ቴኽልዊፐን» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሮተርዳምና አምስተርዳም ተወዳደሩ፤ ሮተርዳም አሸነፈች። በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ አገር አቀፍ ሆነ። ስለዚህ በሆግቭሊት ያለ ቤተሰብ ከማጨጃው በፊት የሚመርጠው ሣርን ራሱን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወንዙን ተሻግረን ወደ አንባቢያችን ወላጆች ግቢ እንመለስ።

ስንት ሰዓት? ስንት ኪሎ ሜትር?

አንባቢያችን እንደነገረችን ግቢው በሙሉ ወደ 2100 ካሬ ሜትር ነው። ነገር ግን የሚታጨደው ሙሉ ግቢው አይደለም። ቤቱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ዛፎቹና እናቷ ጎመንና ቃሪያ የተከሉበት መደብ ሲቀነሱ የሚቀረው ሣር 1500 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሻጭ «ግቢው ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ይህኛውን ቁጥር መንገር ይገባል። ትልቁን ቁጥር የነገረ ትልቁን ማሽን ይሸጡለታል።

አሁን እናስላ። ከኋላ እየተከተሉ የሚነዱት፣ 46 ሴንቲ ሜትር የሚያጭድ ማሽን እንውሰድ። መታጠፊያውና መደራረቡ ሲታሰብ በአንድ ሰዓት ወደ 1100 ካሬ ሜትር ያጭዳል እንበል። ለ1500 ካሬ ሜትር አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሰውየው ደግሞ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይራመዳል። 95 ሴንቲ ሜትር የሚያጭድ፣ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ የሚነዳ ማሽን ግን ያንኑ ሣር በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል።

በሆላንድ ሣር የሚያድገው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። በሳምንት አንዴ ቢታጨድ በዓመት 30 ጊዜ ይሆናል። በእግር 40 ሰዓት፣ በሚነዳው 15 ሰዓት። ልዩነቱ 25 ሰዓት ነው። ጤነኛ ጉልበት ላለው ሰው ይህ ልዩነት ጥቂት ሺህ ዩሮ አያስወጣም፤ መራመዱ ራሱ ስፖርት ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ጉዳዩ የሰዓት ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ አራት ኪሎ ሜትር ማሽን እየተከተለ መሄድ አይችልም። ስለዚህ አባትየው የሚነዳ ማሽን መፈለጋቸው ቅንጦት አይደለም። እናትና ልጅ መጀመሪያ ይህን ቢቀበሉላቸው ጥሩ ነው።

የትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ለ1500 ካሬ ሜትር መካከለኛው ይበቃል። ትልቁ ማሽን ዋጋው ይጨምራል፣ በዛፎች መካከል ለመዞር ይቸገራል፣ በበሩም ላያልፍ ይችላል። 95 ሴንቲ ሜትር የሚያጭድ ማሽን አጠቃላይ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ በጎኑ የሣር መውጫ አለውና። ስለዚህ ከሻጭ የምንጠይቀው «ስንት ሴንቲ ሜትር ያጭዳል?» ብቻ አይደለም፤ «ከዳር እስከ ዳር ስንት ነው?» ጭምር ነው።

በሬ ሆይ!

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ተረት ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ለምለሙን ብቻ አይቶ አደጋውን ላላየ ሰው ይነገራል። በዚህ ጉዳይ ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ገደል አለ። እሱም በደችኛ «ስሎት» የምንለው የውሃ ቦይ ነው።

የሚነዳ ማሽን ከባድ ነው። ብዙዎቹ ከ150 እስከ 250 ኪሎ ይመዝናሉ፤ በዚያ ላይ ሰው ይቀመጥበታል። የቦይ ዳር መሬት ደግሞ ሸክላ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፣ ይናዳል። ማሽኑ ወደ ውሃው ቢገለበጥ ሰውየው ከሥሩ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ እነዚህን አራት ደንቦች ቤተሰቡ በሙሉ ይወቃቸው፦

አንደኛ፣ ከቦዩ ዳር ቢያንስ የማሽኑን ስፋት ሁለት እጥፍ መራቅ። የቀረውን ሣር በእጅ በሚያዝ መከርከሚያ መከርከም ይቻላል። ወይም መተው ይቻላል፤ አበባ ያወጣል፣ ንብም ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ከ15 ዲግሪ በላይ በሚያዘቀዝቅ መሬት ላይ አለመንዳት። 15 ዲግሪ ማለት በአንድ ሜትር ርዝመት 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። በዝቅዝቅ ላይ የሚነዳ ማሽን ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። የሚገፋው ደግሞ በተቃራኒው ወደ ጎን ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ሣሩ እርጥብ ከሆነ ሌላ ቀን ማጨድ። ጎማው ይንሸራተታል፣ መሬቱም ይጠቀጠቃል።

አራተኛ፣ ማሽኑ ሲሠራ ልጆች ቤት ውስጥ ይሁኑ። የልጅ ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳት ፍቅር ይመስላል፤ ግን አይደረግም። ልጅ አንዴ ተሳፍሮ ከለመደ፣ ማሽኑ ሲነሳ በሰማ ቁጥር ወደ ማሽኑ ይሮጣል። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲነዳ ደግሞ ትንሽ ልጅ አይታየውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ ልጆች 16 ዓመት ሳይሞላቸው የሚነዳ ማጨጃ እንዳይነዱ፣ 12 ዓመት ሳይሞላቸውም የሚገፋውን እንዳይጠቀሙ ይመክራል።

የእናትየው ስጋት ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ማሽኑን መከልከል ብቻ አይደለም። ማጨጃውን ከቅዳሜ ወደ ሐሙስ ማዛወር ይቻላል። ሐሙስ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው።

የትኛው ዓይነት?

በገበያ ላይ ሦስት ዋና ዓይነቶች አሉ።

የመጀመሪያው ትንሽ ትራክተር የሚመስለው ነው። ሞተሩ ከፊት ነው፣ ስለቱ ከሆዱ ሥር። ሣሩን ወደ ኋላ ከረጢት የሚሰበስብ አለ፤ ወደ ጎን የሚበትንም አለ። ቀላልና የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ስለቱ ከፊት የሆነው ነው። ስለቱ ከሹፌሩ ፊት ስለሆነ በደንብ ይታያል፣ ከቁጥቋጦ ሥር ይገባል፣ በጠባብ ቦታ ይዞራል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ሦስተኛው መሪ የለውም፤ በሁለት ዘንግ ይነዳል። ባለበት ቦታ መዞር ይችላል፣ በጣም ፈጣን ነው። ለሜዳ ግቢ ጥሩ ነው። በእርጥብ ዝቅዝቅ ላይ ግን በቀላሉ ይንሸራተታል። ቦይ ላለበት ግቢ ይህኛውን አንመክርም።

ለአንባቢያችን አባት የመጀመሪያው ዓይነት፣ መካከለኛው መጠን፣ ማርሽ በእጅ ሳይቀየር በእግር መርገጫ ብቻ ፍጥነቱ የሚስተካከለው ይስማማቸዋል። ከመግዛታቸው በፊት ግን ሱቅ ሄደው ይውጡበት፣ ይውረዱበት። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከመንዳቱ ይልቅ መውጣትና መውረዱ ሊከብድ ይችላል። ከወንበሩ ሲነሱ ስለቱ ወዲያው የሚቆም መሆኑንም ይጠይቁ። ይህ የደህንነት ማብሪያ ማጥፊያ የግድ መሥራት አለበት።

ራሱን የሚነዳው ሮቦትስ? ለ1500 ካሬ ሜትር የሚሆን ሮቦት አለ፤ ጉልበትም አይጠይቅም። ሮቦት የመረጠ ሰው በቀን ብቻ ያሠራው። በሆላንድ ጓሮዎች ማታ ማታ ጃርት የሚመስሉ ትንንሽ እሾሃማ እንስሳት ይወጣሉ፤ በደችኛ «ኤኽል» ይባላሉ። ሲፈሩ አይሸሹም፤ ባሉበት ይጠቀለላሉ። ስለዚህ የሮቦቱ ስለት ያገኛቸዋል።

ቤንዚን ወይስ ባትሪ?

የባትሪው ማሽን ጸጥ ያለ ነው፣ ጭስ የለውም፣ ዘይት አይቀየርለትም። ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ይደክማል። የቤንዚኑ ሲገዙት ይረክሳል፤ በየዓመቱ ግን ዘይት፣ ማጣሪያና ሻማ ይፈልጋል።

ስለ ቤንዚኑ አንድ ነገር እወቁ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2019 ጀምሮ በሆላንድ ማደያዎች ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ይህ ቤንዚን ክረምቱን ሙሉ በማሽን ውስጥ ከተቀመጠ ይበላሻል፣ የነዳጅ መተላለፊያውንም ይጎዳል። ስለዚህ በኅዳር ማሽኑን ከማቆማችን በፊት ቤንዚኑን ማስወጣት ወይም ለትንንሽ ሞተሮች የሚዘጋጀውን ንጹህ ቤንዚን መጠቀም ይሻላል።

አዲስ የሚነዳ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ2000 ዩሮ በላይ ያወጣል። ያገለገለ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ሻጩ ጋ እንደደረሰ መጀመሪያ ሞተሩን በእጁ ጠጋ ብሎ ይሞክር። ሞቆ ከጠበቀው ይጠንቀቅ፤ ቀዝቅዞ ሳለ ለመነሳት የሚያስቸግር ሞተር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስለቱ ያለበትን የብረት ሽፋን ከሥር ይመልከት፤ ዝገት ከበሳው ይተወው።

አባት ሣር ሲያዩ

በሆላንድ ሣር ለጌጥ ነው፤ ታጭዶ ይጣላል። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ሰው ግን ሣር ሲያይ ሀብት ያያል። ሣር ለከብት መኖ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ታጭዶ ይደርቅና «ድርቆሽ» ይሆናል፤ በበጋ ከብቱ የሚኖረው በእሱ ነው። ረጅሙ ሰንበሌጥ የቤት ጣሪያ ይከደንበታል። ቄጤማ ደግሞ በበዓል ቀንና ቡና ሲፈላ ወለል ላይ ይጎዘጎዛል። በጎጃም ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ዋዜማ «እንግጫ» የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ። ጤፍም ራሱ ከሣር ወገን ነው።

ስለዚህ «አባቴ ለምን ትልቅ ማሽን ፈለገ?» ከማለት በፊት «ሣሩን ሲያይ ምን ትዝ ይለዋል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ማሽን ሳይነሳ ስለ ማጭድ ይወራ። የታጨደውንም ሁሉ መጣል አያስፈልግም። አጭሩ ሣር መሬቱ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ይሆናል። ረጅሙ ደግሞ በእናትየው የጎመን መደብ ላይ በስሱ ቢነሰነስ እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ይቀንሳል።

እንዴት ልበለው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጣን። በአንዳንድ ቤት ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል፣ በሌላው ቤት «እርስዎ»። የቤታችሁን ልማድ ተከተሉ። በሁለቱም ቤት ግን አባትን ማዘዝ ያስቸግራል። «ግቢውን ለካ!» ትእዛዝ ነው። «ይለኩ» አክብሮት አለው፤ ቢሆንም አሁንም ማዘዝ ነው።

አማርኛ ለዚህ መውጫ አለው፦ «እን-» የሚል ቅድመ ቅጥያ። «እንለካ» ማለት እኔና አንተ አብረን ማለት ነው። ከፊቱ «እስቲ» ሲጨመርበት ይበልጥ ይለሰልሳል።

«አባዬ፣ እስቲ ግቢውን አብረን እንለካ።»
«አባዬ፣ ከመግዛታችን በፊት በሩን እንየው።»
«ቦዩ ዳር እኔ ብከረክምልህስ?» በ«እርስዎ» ቤት፦ «እኔ ብከረክምልዎትስ?»
«እማዬ ስለ ልጆቹ ሰግታለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ብናጭድ ምን ይመስልሃል?» በ«እርስዎ» ቤት፦ «ምን ይመስልዎታል?»

«ብከረክምልህስ?» የሚለው መጨረሻ ላይ ያለው «-ስ» ሐሳብን በጥያቄ መልክ ያቀርባል። ሰውየው እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም ቦታ ያገኛል።

የሳምንቱ ቃላት

አጨደ — በማጭድ ወይም በማሽን ሣር ወይም እህል ቆረጠ።
ማጭድ — ቆልማማ ስለት ያለው የእጅ መሣሪያ።
ማጨጃ — የሚታጨድበት ነገር፤ ማሽንም ሊሆን ይችላል። «መቀመጫ» ከ«ተቀመጠ»፣ «መከርከሚያ» ከ«ከረከመ» እንደሚመጣ ሁሉ «ማጨጃ»ም ከ«አጨደ» ይመጣል።
አጫጅ — የሚያጭድ ሰው።
አጨዳ — የማጨድ ሥራ ወይም ጊዜ።
ከረከመ — ዳር ዳሩን ቆርጦ አስተካከለ። ፀጉር ይከረከማል፣ አጥር ይከረከማል፤ ሰፊ ሣር ግን ይታጨዳል።
ስለት — የሚቆርጠው የመሣሪያው ክፍል።
ቦይ — ውሃ የሚሄድበት ረጅም ጉድጓድ።
ድርቆሽ — ታጭዶ የደረቀ ሣር።

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት ሜትር ይዛችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር አንድ ነገር ለኩ፤ ግቢ ከሌላችሁ በረንዳውን። ከዚያ ሁለቱን «ለካ» የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «አባቴ በሩን ለካ፤ ለካ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው!» አያቶቻችሁን ወይም ወላጆቻችሁን ደግሞ በልጅነታቸው ሣር በምን ያጭዱ እንደነበር ጠይቋቸው። የነገሯችሁን አዲስ ቃል ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ደህና ሰንብቱ!